ከሬይኖ ላህቲ የሚሸሹ ፊደላት

ሬይኖ ላህቲን ያወቅሁት ከጎኑ ተቀምጬ ነው። በሲስኮ ሃርበር የመንገድ ሥራ ጋራዥ የድሮዎቹ በረዶ ጠራጊ መኪናዎች ሁለት ሰው ይፈልጉ ነበር። አንዱ ይነዳል፤ ሌላው በስተቀኝ ተቀምጦ በረዶ የሚገፋውን የጎን ክንፍ ያነሣል፣ ያወርዳል። እሱ ነጂ፣ እኔ ክንፍ ያዥ ሆነን ብዙ ክረምት አሳለፍን። በአሜሪካ ሰሜን ጫፍ፣ ሱፒሪየር ሐይቅ ዳር፣ በረዶው ከኅዳር ጀምሮ ሚያዝያ ድረስ ይወርዳል። ሁለት ሰው በአንዲት ጠባብ ጋቢና ውስጥ ያን ያህል ጊዜ ሲቀመጥ ወይ ይጣላል፣ ወይ ዝም መባባልን ይለምዳል። እኛ ዝምታውን ለመድን። ይህን የምነግራችሁን ታሪክ ያገኘሁት ከዚያ ዝምታ መሃል ብቅ ጥልቅ ሲል ነው፤ ገሚሱንም ጡረታ ከወጣ በኋላ ራሱ አጫውቶኛል።

አባቱ ከፊንላንድ የመጣ የመዳብ ቆፋሪ ነበር። ሬይኖ ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ሞተር ሲታመም በጆሮው ያውቃል። መንገዱ በበረዶ ተውጦ ሰማይና ምድር አንድ ሲሆን እንኳ የትኛው ኩርባ ላይ ድልድይ እንዳለ፣ የማን የፖስታ ሳጥን የት እንደ ተተከለ ከልቡ ያውቀዋል። አንድ ነገር ብቻ አይችልም ነበር። መጻፍ።

ማንበብስ ያነባል፤ ቀስ ብሎ፣ በጣቱ እየተከተለ። እስክሪብቶ ሲያነሣ ግን ፊደላቱ ይሸሹታል። እንግሊዝኛ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ሰው የማይራራ ቋንቋ ነው፤ የሚሰማው ሌላ፣ የሚጻፈው ሌላ። የማይነበብ ፊደል ቃሉ መሃል ተጎልቶ ይገኛል፤ የት እንደሚጎለት የሚነግርህ የለም። ዛሬ ለዚህ ችግር ስም ወጥቶለታል፤ ልጆችም ይረዱበታል። በሬይኖ ዘመን ስሙ ስንፍና ነበር።

ትንሽ ልጅ ሳለ አስተማሪቱ እሱ የጻፈውን ድርሰት አንሥታ፣ ልክ እሱ እንደ ጻፈው አድርጋ፣ እያጣመመች ለክፍሉ ጮክ ብላ አነበበችው። ልጆቹ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ድርሰቱ ስለ ሞተው ውሻው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት አልጻፈም። ቅጽ ሙላ ሲባል «መነጽሬን ረሳሁ» ይላል፤ ሚዳቋን ከሐይቁ ወዲያ ማዶ የሚለይ ዓይን ይዞ። አንዳንዴ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ይመጣል። ለጡረተኛ የስንብት ካርድ ሲዞር ሁላችንም አንድ ሁለት መስመር እንሞነጫጭራለን፤ እሱ ስሙን ብቻ ያኖራል። ሰዉ «ሬይኖ ኩሩ ነው» ይላል። እኔ ነገሩ ቀድሞ ገብቶኝ ነበር፤ ግን እንዲህ ያለውን ነገር አፍ አውጥቶ የሚናገር የለም።

ደልፊን ቦሻም የምትባል ልጅ ነበረች፤ ሁለቱም በሃያዎቹ መጀመሪያ ሳሉ። በአክስቷ ዳቦ ቤት ፓስቲ ትሸጣለች፤ ሥጋና ድንች በሊጥ ተጠቅልሎ የሚጋገረውን፣ የቆፋሪዎቹን ምሳ። ሬይኖ በየቀኑ ፓስቲ ይገዛል።

«ቤታችሁ ምግብ የለም እንዴ?» አለችው አንድ ቀን።

«አለ።»

«ታዲያ?»

«ያንቺ ትኩስ ነው።»

ከዚህ የረዘመ የፍቅር ንግግር አልነበረውም። ለእሷ ግን በቃት። ቅዳሜ ቅዳሜ በፊንላንዶቹ አዳራሽ ይጨፍራሉ፤ እሱ እግሩ ከባድ ነው፣ እሷ ትስቅበታለች። በመከር ላይ ነርስነት ልትማር ወደ ሚልዋኪ ሄደች። አውቶቡሱ ጋ ሲሸኛት እጁን ይዛ፣

«ትጽፍልኛለህ አይደል?» አለችው። «የጋራ መስመር ስለሆነ ስልኩን ሰፈሩ ሁሉ ነው ጆሮውን ተክሎ የሚያዳምጠው።»

«እሺ።»

«ማልልኝ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ።»

ደብዳቤዎቿ መጡ። እያንዳንዱን ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል እያነበበ በቃሉ ያዘው። መልስ ሊጽፍ ይቀመጣል። ጽፎ ሲያበቃ ወረቀቱን ያየዋል፤ ያን ጊዜ የልጆቹ ሳቅ ጆሮው ላይ ይመጣል። ተነሥቶ ከቤቱ ጓሮ ወዳለው ሳውና፣ ወደ እንፋሎት መታጠቢያው፣ ይሄድና ምድጃው ውስጥ ይጨምረዋል። እንዲህ እያለ ክረምቱ አለቀ።

ኋላ ሲያጫውተኝ፣ «ሄደህ ለምን አልነገርካትም?» አልኩት። «በመኪና የአንድ ቀን መንገድ ነው።»

«ምን ብዬ?»

«መጻፍ አልችልም ብለህ።»

«ሮጀር፣ እግርህን ቁረጥና ስጣት ብትለኝ ይቀለኝ ነበር» አለ።

የደልፊን ደብዳቤዎች እያጠሩ መጡ፤ የሐይቁ በረዶ ሲሰነጠቅ ጭራሽ ቆሙ። ከሁለት ክረምት በኋላ እዚያው ከተማ ማግባቷን የሰማው ከአክስቷ ነው፤ ፓስቲውን ጠቅልላ እየሰጠችው ሳለ። ተቀበላት፣ ሒሳቡን ከፈለ፣ ሐይቁ ዳር ወርዶ በላው። ሌላ ሴት አላገባም። እናትና አባቱ ካረፉ በኋላ በኮረብታው ላይ ባለው ቤት ብቻውን ቀረ።

የጋራዡ ፎርማን ሲሸመግል ቦታው ለሬይኖ ይገባ ነበር። «ቢሮ ታስሬ መዋል አልወድም» ብሎ እምቢ አለ። ፎርማን ሪፖርት ይጽፋላ! ቦታው ከእሱ በዕድሜ ለሚያንሰው ለጎርዲ ፔልቶ ተሰጠ። ሬይኖ መኪናውን ሲነዳ ኖረ፤ ማታ ማታ የቀኑን ሥራ በቃሉ ለሎሬን ይነግራታል፣ እሷ ትጽፍለታለች። ሎሬን ጁንቱነን የቢሯችን ጸሐፊ ነበረች፤ ምላሷ እንደ ምላጭ፣ ልቧ እንደ ቅቤ።

ታዲያ ሬይኖ ሃምሳውን ካለፈ በኋላ ኮምፒውተር መጣ። የመንገድ ሥራ ቦርዱ «ከእንግዲህ እያንዳንዱ ነጂ የቀን ሪፖርቱን ራሱ ይተይባል» ብሎ ወሰነ። ከስብሰባው ስንወጣ ሬይኖ ጋቢናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሳያስነሣ ተቀመጠ።

«ጡረታ ልወጣ ነው» አለ።

«ገና ነህ እኮ!»

«ጀርባዬን ያመኛል።»

«ጀርባህ ደህና ነው።»

«መታመሙ አይቀርም።»

ይህን ለሎሬን የነገርኳት እኔ ነኝ። በማግሥቱ ሥራ ስንጨርስ ከቢሮዋ በር ላይ ሆና ተጣራች። «ሬይኖ! ና ወዲህ!»

«ቤት ልሄድ ነው።»

«ቤትህ የትም አይሄድም። ግባ።»

ወንበሯን ለቀቀችለትና ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠችው። እኔ ቡና ቀጂ መስዬ በሩ ጋ ቆምኩ።

«ጻፍ» አለችው።

«ሎሬን፣ እኔ እኮ…»

«አውቃለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት እየነገርከኝ ስጽፍልህ ያልገባኝ ይመስልሃል? ዛሬ የሠራኸውን ጻፍ።»

በአንድ ጣቱ እየፈለገ መታ። ጥቂት መስመር እንደ ጻፈ እጁን ከኪቦርዱ ላይ እንደ ተቃጠለ ሰው አነሣ። «ምን አደረግሁት? ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም። ቀይ ያሰመረበት ሁሉ ስፔሊንጉ ተሳስቷል ማለቱ ነው።»

ሬይኖ አየ። ያልቀላ ቃል የለም ማለት ይቻላል። ገጹ ዶሮ የታረደበት መሰለ። ፊቱ ተለዋውጦ ሊነሣ ሲል ትከሻውን ተጫነችው።

«ተቀመጥ!»

«ተይኝ ሎሬን።»

«ተቀመጥ አልኩህ፣ አንተ ግትር! ቀስቱን ቃሉ ላይ አድርግና ማውሱን በቀኝ በኩል ጫን። ምን አለህ?»

«ቃላት ዘረገፈ።»

«ልትጽፍ የፈለግከው አለበት?»

ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ ወደ ታች ወረደ። «ይኸው። ይህ ነው።»

«ስታየው ታውቀዋለህ ማለት ነው። እንግዲያው ምረጠው።»

መረጠው፤ ቀዩ ጠፋ። ወደሚቀጥለው ሄደ። አንድ በአንድ፣ አረም እንደሚነቅል ገበሬ። ሲጨርስ ነጭ ገጽ ላይ ጥቁር ጽሑፍ ብቻ ቀረ። ፈገግ ይላል ብዬ ጠበቅሁ፤ እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት፤

«ማን ነው የሚያየው?»

«ምኑን?»

«ስህተቱን። የሚቆጥረው አለ? ጎርዲ ጋ ይደርሳል?»

ሎሬን የምትቀልድ ሴት ናት፤ ያኔ ግን አልቀለደችም። «ማንም አያየውም» አለችው። «ያረምከው ጠፋ፤ በቃ። ማሽኑም ለማንም አይናገር።»

ሬይኖ፣ «ስትሄጂ የቢሮውን ቁልፍ ተዪልኝ» አላት።

በሕይወቱ ብዙ ሰው አርሞታል። ሳይስቅ ያረመው ግን ያ ማሽን የመጀመሪያው ነበር። አንዳንዴ እርግጥ እሱም ያቅተዋል። ሬይኖ የጻፈው ከትክክለኛው እጅግ ከመራቁ የተነሣ «የማቀርበው ቃል የለም» ይላል። ያኔ ሬይኖ ሌላ ፊደል ይሞክራል፣ ያገላብጠዋል፣ ያሳጥረዋል፤ ማሽኑ «ኦ፣ ይህን ማለትህ ነው?» እስኪለው ድረስ። አሮጌ ኮምፒውተር ገዝቶ ለቤቱም አስገባ።

ሪፖርቶቹ ይረዝሙ ጀመር። እኛ «መንገዱ ተጠርጓል፤ ጨው ተበትኗል» ብለን የምናልፈውን እሱ እንዲህ ይጽፈዋል፦ «ከድልድዩ ወዲያ ያለው በረዶ ዛሬ ሰማያዊ ነው። ሚዳቋዎች መንገዱ ላይ ቆመው ነበር። ለመሄድ አልቸኮሉም፤ ጠበቅኋቸው። የሃውታላን የፖስታ ሳጥን ሰብሬያለሁ። እንደገና።»

ጎርዲ ወረቀቱን ይዞ መጣ። «ሬይኖ ወንድሜ፣ መንገዱ ተጠርጓል ወይስ አልተጠረገም? እኔ የምፈልገው ይህችን ብቻ ነው።»

«ተጠርጓል። ወደ መጨረሻው ላይ አለልህ።»

«ሚዳቋዎቹስ ምን ቤት ናቸው?»

«መንገድ ላይ ነበሩ። መንገድ አይደለም የምንጠርገው?»

ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። ጎርዲም ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ሪፖርቱን ግን እንዲያሳጥር ዳግመኛ አልጠየቀውም።

በዚያው ሰሞን፣ የካቲት ላይ፣ ጎረቤቱ ክላረንስ ትሬቫሮ ሞተ። መሬቱ ከብርዱ የተነሣ ድንጋይ ሆኖ ስለነበር ቀብሩ እንደ ልማዳችን ለፀደይ ቆየ። ሚስቱ ማርጆሪ፣ የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሠራተኛ የነበረችው፣ ብቻዋን ቀረች። ሬይኖ ማንም ሳይጠይቀው በየጠዋቱ ደጇን ይጠርግላት ጀመር። ግን አልበቃውም። ደብዳቤ ሊጽፍላት ተነሣ። በዕድሜው ከምድጃ የተረፈ ደብዳቤ ጽፎ አያውቅም።

ጻፈ፤ ቀይ የተሰመረበት ሁሉ እስኪጠፋ አረመ። አትሞ ራሱ ወስዶ ሳጥኗ ውስጥ ከተተው። የሆነው ግን ሌላ ነው። በእንግሊዝኛ «ባሏ የሞተባት» የሚለው ቃል እና «መስኮት» የሚለው በአንዲት ፊደል ብቻ ነው የሚለያዩት። ሬይኖ ያቺን ፊደል ጨምሯታል። መስኮት ደግሞ ራሱን የቻለ ደህና ቃል ስለሆነ ማሽኑ አለፈው።

ማርጆሪ የክላረንስን ትልልቅ ቦት ጫማ አጥልቃ፣ በበረዶው ውስጥ እየተንገዳገደች ኮረብታውን ወጣች። እኔ የዚያን ዕለት ማገዶ ላወርድለት ሄጄ ነበር።

«ሬይኖ ላህቲ! ውጣ!»

ወጣ።

«ይህን አንተ ነህ የጻፍከው?»

«አዎ።»

«አንብብልኝ።»

«ማርጆሪ…»

«አንብብልኝ አልኩህ!»

ወረቀቱን ተቀብሎ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። «ውድ ማርጆሪ፤ መስኮት በመሆንሽ በጣም አዝኛለሁ። በክረምት መስኮት መሆን…» ጣቱ ቆመ። «ቀይ አልነበረም» አለ፣ ልክ እንደ ልጅ። «ማርጆሪ ሙች፣ አንድም ቀይ አልነበረበትም።»

«ቀጥል።»

«በክረምት መስኮት መሆን ከባድ ነው። ክላረንስ ደግ ሰው ነበር። መስኮት ብቻዋን መቅረት የለባትም። የሚያስፈልግሽ ካለ የበረንዳሽን መብራት አብሪ፤ እመጣለሁ።»

ማርጆሪ ሳቀች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ ሆዷን ይዛ፤ እየሳቀች ወደ ልቅሶ ገባችና በረዶ የለበሰው ደረጃ ላይ ዘፍ አለች። ሬይኖ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት አጠገቧ ቆመ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ዝም በል አንተ!» አለች አፍንጫዋን በጓንቷ እየጠረገች። «ቤቱ በካርድ ተሞልቷል። ሁሉም ከሱቅ የተገዛ ነው፤ ሁሉም ያው የታተመ ግጥም። ከራሱ አንዲት ቃል የጨመረ የለም። ክላረንስ ካረፈ ወዲህ ስስቅ ዛሬ ገና ነው። አሁን ቡና አፍላና ይህችን መስኮት አሙቃት፤ እግሬ ደንዝዟል።»

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ አብረው ይበሉ ነበር። አንዴ እሷ ጋ፣ አንዴ እሱ ጋ። ከምግብ በኋላ ሁለቱም ወደየቤታቸው። የነበረው ጉርብትና ብቻ ይሁን ሌላ፣ ሬይኖ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በሳምንቱ መሃል ግን፣ ድንጋይ ብትወረውር ለምትደርስበት ሴት፣ ደብዳቤ ይጽፍላታል፤ በአፉ የማይወጣለት በጣቱ ይወጣል። እሷ አንብባ እሑድ በቃሏ ትመልስለታለች።

«ዕድሜህን ሙሉ መጻፍ ፈልገህ ያልጻፍክለት ሰው ማን ነው?» አለችው አንድ እሑድ።

ስለ ደልፊን ነገራት። ከእኔ በቀር ለሰው ሲናገር የመጀመሪያው ነው።

«ታዲያ ጻፍላታ!»

«ባል አላት፤ የልጅ ልጆችም አሏት።»

«አግቢኝ በላት ወጣኝ? ምክንያቱን ንገራት። የተጠላች መስሏት ይሆናል እኮ፣ ምስኪን።»

አድራሻውን ዳቦ ቤቱን ከወረሰችው የደልፊን አክስት ልጅ አገኘ። ያን ደብዳቤ ለመጻፍ ሳምንታት ፈጀ። ሲጨርስ፣ ማሽኑ የማያየውን እንድታይለት ለማርጆሪ ሰጣት። አንብባ መነጽሯን አወለቀች። «መስኮት የለበትም» አለች። «ላከው።»

መልሱ በግንቦት መጣ። በወፍራም እስክሪብቶ፣ በነርስ ጥድፊያ የተጻፈ አንድ ገጽ ነበር። ደልፊን እንዲህ አለች፦ «ሬይኖ፤ ሌላ ወደድክ ብዬ ነበር። ሁለት ክረምት ተናድጄብሃለሁ፤ ከዚያ ሃሮልድን አገባሁ። ደግ ሰው ነው። ደህና ኖሬያለሁ፤ አሁን እሱ ታሟል፣ አስታምመዋለሁ። ስለ ፊደሉ ብትነግረኝ ኖሮ ምን እንደምልህ ሳስብ ሰነበትኩ። ምንም አልልህም ነበር። ባዶ ወረቀት አጥፈህ ብትልክልኝ እንኳ እመጣ ነበር። ደህና ሁን።»

ሌላ እንዲጽፍላት አልጠየቀችውም። እሱም አልጻፈም።

በማግሥቱ ጋቢና ውስጥ ነገረኝ፤ እንዳለ፣ በቃሉ። ከዚያ፣ «ክንፉን አንሣ፤ ድልድይ ነው» አለኝ። በረዶ አልነበረም፤ ወሩ ግንቦት ነው፤ ጠጠር ልናመጣ ነበር የምንሄደው።

የዚያን ዓመት ክረምት ሪፖርቶቹ አጠሩ። «መንገዱ ተጠርጓል» ይላሉ፣ አለቀ። ከብዙ ሳምንት በኋላ ጎርዲ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ «ሬይኖ፣ ሚዳቋዎቹ የት ገቡ?» አለው።

«ወደ ቆላው ወርደዋል።»

«ይመለሳሉ?»

«እንጃ ጎርዲ። እንጃ።»

ተመለሱ፤ ቀስ ብለው። ጡረታ በወጣ ዕለት ጎርዲ ከሪፖርቶቹ አንዱን ጮክ ብሎ አነበበልን። ያን ጊዜ የሳቀ ሰው አልነበረም፤ ሎሬን ብቻ ጭስ ገባብኝ ብላ ወጣች፤ የሚጨስ ነገር ግን አልነበረም።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ማርጆሪ በረዶ አዳልጧት ዳሌዋ ተሰበረ። ልጇ ከአሪዞና መጥቶ ወሰዳት፤ ቤቷም ተሸጠ። የገዙት የቺካጎ ሰዎች ናቸው፤ ለበጋ ብቻ ነው የሚመጡት። ስትሄድ መኪናው ውስጥ ሆና፣

«እኔ መጻፍ አልወድም፤ እደውላለሁ» አለችው። «አንተ ግን ጻፍልኝ።»

«እጽፋለሁ።»

ይህን ቃሉን ጠበቀ። ቅዳሜ ቅዳሜ ይጽፋል፤ ሰኞ ፖስታ ቤት ይወስዳል። እሷ ኮምፒውተር ስለማትነካ በወረቀት ነው የሚልክላት። ስልኳ ሲመጣ የሬዲዮውን ድምፅ ይቀንሳል።

በኋላ አሮጌው ኮምፒውተር ሞተና አዲስ ገዛ። አዲሱ ፊደል በማረም አይበቃውም፤ ዓረፍተ ነገሩን «እንዲህ ቢሆን ይሻላል» እያለ ይለዋውጣል። ሬይኖ መጀመሪያ እሺ ብሎት ነበር፤ የተማረ ነው ብሎ። ማርጆሪ ደወለች።

«የዚህን ሳምንቱን ማን ጻፈልህ? ጠበቃ ቀጠርክ እንዴ?»

«ማሽኑ አሳመረው።»

«ማን አሳምር አለው? ሬይኖን ነው የምፈልገው።»

ከዚያ ወዲህ «ተቀበል» ሲለው አይቀበልም። አንዴ ቤቱ ገብቼ ስክሪኑን ሲቆጣ ሰምቼዋለሁ፤ «ፊደሌን አርምልኝ። ንግግሬን ተውልኝ!» ይለዋል። ብቻውን የሚኖር ሰው ከዕቃ ጋር ይነጋገራል። እኔም ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ከመኪናዬ ጋር አወራለሁ።

ባለፈው ዓመት የማርጆሪ ዓይን ደከመ። ፊት ለፊት ያለውን አያይም፤ ዳር ዳሩን ብቻ። ደብዳቤዎቹን የምታነብላት አሁን ምራቷ ሼሪል ናት። ማርጆሪ ይህን በስልክ ስትነግረው ደስ ብሏት ነበር አሉ፤ «ሼሪል ድምጿ ጥሩ ነው፤ ልክ አንተ የምታወራኝ ይመስላል» ብላዋለች። ሬይኖ ሼሪልን አንድ ጊዜ አይቷታል፤ ቤቱ ሲሸጥ ዕቃ ልትጭን መጥታ። መልካም ሴት ናት። ክፉ ነገር አልሠራችም።

በሚያዝያ መጨረሻ ላየው ሄድኩ። ከሐይቁ የያዘውን ዓሣ በድንችና በወተት ቀቅሎ ነበር። ኮምፒውተሩ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ በርቷል። ስገባ አንድ ወረቀት ከማተሚያው አንሥቶ አጠፈው።

«ለማርጆሪ ነው?»

«አዎ። ወደ ታች ስትወርድ ፖስታ ቤት ታደርስልኛለህ? ጉልበቴ ዛሬ እምቢ ብሎኛል።»

«አደርሳለሁ። ምን ጻፍክላት?»

«ሐይቁ መከፈቱን። ዓሣ መጀመሩን።»

«ሌላስ?»

«የበረዶ መኪናው የሃውታላን ሳጥን መስበሩን። አዲሱ ልጅ ኩርባውን አያውቀውም።»

ወረቀቱ ግማሽ ገጽ አይሞላም ነበር። ድሮ ለማርጆሪ የሚጽፈው ፖስታውን ወጥሮ እንደሚሄድ አውቃለሁ።

«ሬይኖ» አልኩት፤ «እንዲህ አጭር?»

ሾርባውን በሁለት ሳህን ቀዳና አንዱን ወደ እኔ ገፋው።

«ለሁለት ሰው መጻፍ አላውቅበትም» አለ። «እሷ ናት ብዬ ስጀምር፣ ሼሪል ጮክ ብላ ስታነበው ይታየኛል። ከዚያ ጣቴ ይቆማል። ቀይ የለ፣ ምን የለ፤ ዝም ብሎ ይቆማል።»

«ለማርጆሪ ንገራታ። ሌላ መላ አይጠፋም።»

«ደስ ብሏታል እኮ ሮጀር። እንዴት ብዬ ነው የምነግራት?»

ሾርባውን በላን። እሱ ሳህኑን አጠበ፣ እኔ አደረቅሁ። ከዚያ ፖስታው ላይ አድራሻውን ከማያ ገጹ እያየ፣ አንድ አንድ ፊደል፣ በትልልቁ ጻፈ፤ እጄ ላይ ሰጠኝና ኮምፒውተሩን አጠፋው።

በመኪናዬ ቁልቁል ስወርድ ፖስታውን በጎኔ ባለው ወንበር ላይ አኑሬው ነበር። ነፋስ ከሐይቁ ይመጣ ስለነበር መስታወቱን ዘጋሁ። ፖስታ ቤቱ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አይሠራም፤ በደጅ ባለው ሳጥን ከተትኩትና ወደ ቤቴ ሄድኩ።